«አምስት ዘጠኝ ነህ፤ እባክህ ስምህን ድገምልኝ»

የሬዲዮ አማተሮች፣ ለደስታቸው ብለው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች፣ በገዛ እጃቸው ሠርተው ወደ ሰማይ የላኩት የመጀመሪያው ሳተላይት እዚያ ደርሶ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሃይ»። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1961 ነበር። ሳተላይቱ ኦስካር 1 ይባላል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሥራ መልስ በየጋራዡ እየተሰበሰቡ የገጣጠሙት፣ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ሳጥን ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ሮኬት ለሌላ ጉዳይ ሲወነጨፍ፣ ሚዛን እንዲጠብቅ ከሚጫንበት ክብደት የአንዱን ቦታ ለምነው አስገቡት። በትርፍ ተጭኖ ወጣ ማለት ነው። ለ22 ቀን ምድርን እየዞረ በሞርስ «ሃይ፣ ሃይ፣ ሃይ» ሲል ከረመና ዝም አለ። ከ28 አገሮች ከ570 በላይ ሰዎች «ሰማነው!» ብለው ሪፖርት ላኩ። ምን እንዳለ የጠየቃቸው ሰው ከነበረ መልሱ አጭር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብዙ ተራምዷል። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ኦስካር 3 ከምድር የተላከለትን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ወደ ምድር የሚልክ ሆነ፤ ስለዚህ በተራራና በባሕር የተለያዩ ሁለት ሰዎች በሱ በኩል መገናኘት ቻሉ። በ1969 አምሳት የተባለው የአማተር ሳተላይቶች ማኅበር ዋሽንግተን ላይ ተቋቋመ። ጃፓኖች ላኩ፣ ሩሲያውያን ላኩ፣ ሳዑዲዎች ላኩ። መሣሪያው ረቀቀ፤ ወሬው ግን ከ«ሃይ» ብዙም ፈቀቅ አላለም። ሁለት አማተሮች ውቅያኖስ ተሻግረው በሳተላይት ሲገናኙ የሚለዋወጡት የጥሪ ምልክታቸውን፣ የሰፈራቸውን ኮድ፣ «አምስት ዘጠኝ» የሚባል የድምፅ ጥራት ውጤትና ከቴሌግራፍ ዘመን የተረፈውን «ሰባ ሦስት» የሚባል ስንብት ነው። አለቀ። ልጆች አይጠየቁም፣ ከብት አይጠየቅም፣ ክረምቱ እንዴት ነው አይባልም። የኛ ሰው ቢሆንማ ገና «እንደምን ከረማችሁ፣ ቤት ደህና ነው?» ላይ እያለ ሳተላይቱ አድማስ ጥሶ ይጠልቅበታል።

እርግጥ ጊዜም የለም። ብዙ ወዳጅ ያለው የሳዑዲው ኤስኦ-50፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው፣ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይምዘገዘጋል። ከአንዱ አድማስ ወጥቶ በሌላው እስኪጠልቅ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ማሰራጫው ሩብ ዋት ነው፤ የእጅ ባትሪ አምፖል እንኳ አያበራም። በዚያ ላይ ባለ አንድ ቻናል ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። በአንድ ጊዜ ደግሞ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ምድር ያየዋል። ከሜክሲኮ እስከ ካናዳ ያለው አማተር ሁሉ ያችን አንዲት ቀዳዳ አሰፍስፎ ይጠብቃል። የሰው ልጅ ተራ መጠበቅ ያውቅ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ከባለቤታቸው ጋር እስካሁን በሰላም እየኖሩ ነውና ይቆይላቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የአማተር ፈቃድ ፈተናውን ወስደው አለፉ፤ ከዚያ ወዲህ እራት በሰዓቱ የበሉበት ምሽት ጥቂት ነው። አንቴናቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። የአናጢ ሜትር ገዝተው፣ ቢጫውን ብረት በመቀስ ቆራርጠው፣ በፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ላይ አሰሩት። የሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ በአማተሮች ዘንድ የታወቀ አሠራር ነው። ሜትሩ ስለሚተጣጠፍ መኪና ውስጥ ይገባል፤ ሲለቁት ጥው ብሎ ቀጥ ይላል። የኢንቹ ቁጥር አሁንም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ሳተላይቱ ሊወጣ ሲል ጋሼ ወደ አፓርታማው የመኪና ማቆሚያ ይወርዳሉ። በግራ እጅ አንቴና፣ በቀኝ እጅ ሬዲዮ፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ በሸሚዝ ኪስ ደግሞ ሳተላይቱ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ስልክ። ባዶውን ሰማይ በአንቴናው ቀስ እያሉ ይከተሉታል። ድምፁ ሲደክም አንጓቸውን ጠምዘዝ ያደርጋሉ፤ ሳተላይቱ እየተገለባበጠ ስለሚሄድ ሞገዱ አንዴ ቁም፣ አንዴ አግድም ይመጣል። ሲቀርብ ፍሪኩዌንሲው ከፍ፣ ሲርቅ ዝቅ ስለሚል በአውራ ጣታቸው ቁልፉን እየተጫኑ ያሳድዱታል። ይህን ሁሉ እያደረጉ ደግሞ መናገር፣ መስማትና መጻፍ አለባቸው፤ ለመጻፊያው ሦስተኛ እጅ ስለሌላቸው ድምፅ መቅጃ ገዝተዋል። ከአምስተኛ ፎቅ ቁልቁል የሚያይ ጎረቤት የሚታየው ግን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቧንቧ እየወዘወዙ ብቻቸውን ቁጥር ሲጮሁ ነው።

አንድ ምሽት እራት ተጠርቼ ሄጄ ሳለ ጋሼ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«አገኘሁት!»

«ማንን?» አሉ እትዬ፣ የቀዘቀዘውን ወጥ መልሰው እየጣዱ።

«ኒውፋውንድላንድ! የካናዳ ጫፍ! ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ!»

«ደህና ነው? ምን አለህ?»

«ጂኤን37።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ሰፈሩ ነዋ።»

«ስሙስ ማን ይባላል?»

«አልያዝኩትም።»

«ሌላ ምን ተጫወታችሁ?»

«አምስት ዘጠኝ አለኝ፤ እኔም አምስት ዘጠኝ አልኩት። ሰባ ሦስት ተባባልን።»

እትዬ ማማሰያውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲህ ካናዳ ድረስ ሄደህ ቁጥር ዘርዝረህ መጣህ» አሉና ወደ ወጡ ተመለሱ።

«ለምን በዋትሳፕ አይደውሉለትም?» የሚለው ጥያቄ ከአማተር ጀርባ የማይጠፋ ነው። መልሳቸው ደካማ ነው፤ «አይ፣ እሱማ ሌላ ነው» ከማለት አያልፉም። እኔ ግን በጠያቂዎቹም እገረማለሁ። የኛ የዋትሳፕ ግሩፕ በየማለዳው ምን ይላላክበታል? ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ፣ ከሥሩ «እንደምን አደራችሁ»። ያ ጽጌረዳ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ በባሕር ሥር ገመድ አልፎ አዲስ አበባ የአንድ መቶ ሰው ስልክ ያስጮሃል፤ ከመቶው ሠላሳው እጁን አጣጥፎ ይመልሳል። አማተሮቹ ቢያንስ ለ«ሃይ»ያቸው ላብ ይከፍላሉ።

አሁን ወደ «አምስት ዘጠኝ» ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ጨው እሷ ናትና። ሕጉ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ንግግሩ ምን ያህል ይሰማል የሚለውን ከ1 እስከ 5 ይለካል፤ ሁለተኛው የሞገዱን ጉልበት ከ1 እስከ 9። አምስት ዘጠኝ ማለት እንግዲህ «አጠገቤ የተቀመጥክ ያህል ጥርት ብለህ ትሰማኛለህ» ማለት ነው። በተግባር ግን በተለይ በውድድር ጊዜ ለማንም የሚሰጠው አምስት ዘጠኝ ነው። ፉጨት ውስጥ የሰመጠውም፣ ግማሽ ቃሉ የተበላውም፣ ጨርሶ ያልተሰማውም አምስት ዘጠኝ ነው። «አምስት ዘጠኝ ነህ፤ እባክህ የጥሪ ምልክትህን ድገምልኝ፣ ምንም አልሰማሁም» ሲባል አማተር አይስቅም፤ ለምዶታል። ሐቀኛ ሆኖ «ሦስት ሁለት ነህ» የሚል ሰው ቢገኝ ተሰዳቢው ሌሊቱን አንቴናውን ሲፈታታ ያድራል። የማዕረግ ተማሪ ብቻ የሞላበት ክፍል ቢኖር ይህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ «አዞ» የሚባለው ነው። አፉ ሰፊ፣ ጆሮው ጠባብ። ትልቅ ማሰራጫ ገዝቶ መቀበያው ላይ የሰሰተ ሰው ነው። ሳተላይቱ ላይ ድምፁ ነጎድጓድ ሆኖ ይወጣል፤ እሱ ግን ሳተላይቱ የሚመልሰውን ስለማይሰማ የራሱን ድምፅ እንኳ አያውቀውም። በኤፍኤም ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢናገር ጉልበተኛው ደካማውን ውጦ ብቻውን ይወጣል። ስለዚህ አዞው ይጣራል፣ አራት ሰው ይመልስለታል፣ አይሰማም፣ እንደገና ይጣራል። «ማንም የለም?» ይላል። ግማሽ አህጉር «አለን!» ይላል። «ዛሬ ሰው የለም» ብሎ ለራሱ ያዝናል። እንደዚህ ያለውን ሰው ከስብሰባ አዳራሽ የማያውቀው አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የአዞው ታናሽ ወንድም ደግሞ የራሱን ድምፅ የወደደው ነው። ከሳተላይቱ ሲመለስለት ለመስማት «ሀሎ... ሀሎ... ሀሎ...» ይላል፤ ሌላ ጊዜ ያፏጫል። ያችን የሩብ ሰዓት መንገድ በፉጨት ያጅባታል።

በአሜሪካ በጁን ወር አራተኛው ቅዳሜና እሑድ አማተሮች ጄኔሬተር ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። ፊልድ ዴይ ነው፤ ለአደጋ ጊዜ ዝግጁነት መለማመጃ ይሉታል፣ ቋሊማ ጥብሱ ግን ከዝግጁነቱ አያንስም። በሳተላይት አንድ ግንኙነት ያደረገ ጣቢያ 100 ነጥብ ይጨመርለታል። አንድ ብቻ ነው የሚፈለገው። እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሳተላይት ሠርቶ የማያውቅ ሁሉ ያንን አንድ ለማግኘት ሩብ ዋት ባላት ምስኪን ላይ በአንዴ ይዘምታል። ያኔ ከሰማይ የሚመጣው ድምፅ ንግግር አይባልም፤ ሚያውታ፣ ጉርምርምታና ከመሃል የተቆረጠ «አምስት ዘ...» ነው። ብዙ አጥምደው ለሌላው አላስቀር ያሉ ስለነበሩ ይመስለኛል፣ በአንድ ባለ አንድ ቻናል የኤፍኤም ሳተላይት ከአንድ ግንኙነት በላይ እንዳይያዝ የሚል አንቀጽ ሕጉ ውስጥ ገብቷል። ለአደጋ ጊዜ ልምምድ ከሆነስ፣ በአደጋ ጊዜ ሰው የሚያደርገውን በትክክል ነው የሚለማመዱት።

በዚህ ሁሉ ግፊያ መሃል ትዕግሥቱ የሚያስደንቀኝ የአንድ አዛውንት ሳተላይት ነው። ኤኦ-7 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1974 ወጣ። እኛ ንጉሡን ካወረድን ሁለት ወር አልፎን ነበር። በ1981 ባትሪው ሾርት አድርጎ ሞተ፤ ወዳጆቹ አለቀሱለትና ረሱት። በ2002፣ ከ21 ዓመት ዝምታ በኋላ፣ አንድ ጆሮው የነቃ አማተር የማያውቀውን ምልክት ሰማ፤ ቢጣራ ኤኦ-7 ነው። የተቃጠለው ባትሪ ውስጡ ተበጥሶ መስመሩን ስለለቀቀው ኃይሉ ከሶላር ሰሌዳዎቹ በቀጥታ መምጣት ጀመረ። ፀሐይ ሲያይ ይነቃል፣ የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ይሞታል፣ ሲወጣ እንደገና ይነሣል። ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሰዎችን ያገናኛል፤ የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻን ከአውሮፓ ጋር ያለ ችግር። ለዚህ ጡረተኛ የሚጠየቀው ውለታ ትንሽ ነው፤ በዝግታ አናግሩት። ባትሪ ስለሌለው ጉልበት ሲበዛበት የሁሉም ሰው ድምፅ አብሮ ይዋልላል። ታዲያ በያንዳንዱ ዙር አንድ ሰው አይጠፋም፣ የማሰራጫውን ጉልበት እስከ ጥግ አዙሮ «ይሰማሃል?» ብሎ የሚጮህበት። ጆሯቸው የደከመ አያት ላይ የሚጮህ የልጅ ልጅ ስንት አለ፤ ልዩነቱ ኤኦ-7 ጆሮው ደህና ነው፣ የደከመው ልቡ ነው።

የሰው ዘር ሁሉ በዚህ የመጣራት በሽታ እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ጠፈርተኛው ኦውን ጋሪዮት በኮሎምቢያ መንኮራኩር ሆኖ በእጅ ሬዲዮ ከምድር አማተሮች ጋር ሲነጋገር፣ ካገኛቸው አንዱ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሑሴን ነበሩ። ቤተ መንግሥት፣ ጦር ሠራዊትና የራሳቸው ስልክ አንሺ ያላቸው ንጉሥ ማይክሮፎን ጨብጠው «ጄዋይ1» እያሉ ተጣሩ። ጄዋይ1 የጥሪ ምልክታቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው አልጋ ወራሽ ሑሴን በስማቸው ባቋቋሙት ፕሮጀክት ደግሞ፣ ጄዋይ1ሳት የተባለች ኩብ ሳተላይት በ2018 መጠቀች። ከነገሥታት የሚቀር ሐውልት በየዓይነቱ ነው፤ የእሳቸው ተራ የሚጋፉባት ቀዳዳ ሆነች።

ሰፈር ሰብሳቢዎቹን ሳላነሣ ብቀር ጋሼ ይቀየሙኛል። እ.ኤ.አ. በ1980 እንግሊዝ አገር ሜይደንሄድ ከተማ የተሰበሰቡ አማተሮች ዓለምን በአራት ማዕዘን ሸነሸኗት፤ አንዱ ቁራጭ ሁለት ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ነው፤ እያንዳንዱም ሁለት ፊደልና ሁለት ቁጥር ተሰጠው። ጂኤን37 ያ ነው። መቶ የተለያየ ቁራጭ በሳተላይት ያገኘ የምስክር ወረቀት ይወስዳል። ከመቶ በኋላ ሁለት መቶ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እትዬ እንዳይሰሙ። መቼም ሰው የማይኖርበት ቁራጭ ይበዛል፤ ስለዚህ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ወደዚያ የሚነዳ ሰው ተፈጠረ። በረሃ መሃል፣ አራት ቁራጮች የሚገናኙበት ነጥብ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ጂፒኤሱን ፎቶ አንሥቶ ማስረጃ ይዞ፣ በአንድ ቦታ ቆሞ አራት ሰፈር ይሰጣል። ባሕር ላይ ያሉትን ለማዳረስ በመርከብ ሽርሽር የሚሄዱም አሉ። ሚስት ሽርሽሩ ለጋብቻቸው በዓል መስሏት ነጭ ቀሚስ ገዝታለች፤ ባል በረንዳው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያይ ደውሎ ጠይቋል።

የጋሼ ዕድል ደግሞ የሚያስቀና ነው። የ39 ዲግሪ መስመር ሲልቨር ስፕሪንግን ቆርጦ ያልፋል። እንጀራ ቤቶቹ የተደረደሩበት ዳውንታውን በኤፍኤም18 ውስጥ ነው፤ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዊተን ሲሉ ኤፍኤም19 ይገባል። አበሻ በየቀኑ ሳያውቀው ድንበር ይሻገራል። ጋሼ ግን ያውቃሉ። አንዱን መንገድ ሲያቋርጡ «አሁን ተሻገርን» ብለው ለተሳፋሪው ያበሥራሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ግዙ ተብለው ወጥተው መስመሩ ላይ ግራ እግራቸውን በአንዱ፣ ቀኝ እግራቸውን በሌላው አድርገው ሲሠሩ የታዩበት ጊዜ አለ። ዳቦው ረፋድ ላይ ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የሮማው ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ግሪንኪዩብ የተባለች ሳተላይት ላከ። ዓላማዋ ጠፈር ላይ አትክልት ማብቀል ነበር፤ እውነተኛ አትክልት፣ ቅጠል። ዳር ላይ ለአማተሮች የጽሑፍ መልእክት ማስተላለፊያ ተጨመረባት። ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለነበረች ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚራራቁትን ታገናኝ ነበር። ስለ ቅጠሉ የጠየቀ አማተር እኔ አላጋጠመኝም። ዓለም በሙሉ ወደ መልእክቷ ተረባረበ። አንዳንዱ ጭራሽ ኮምፒውተሩን ራሱ እንዲጣራና ራሱ እንዲመልስ አድርጎ ተኛ፤ ተብሎም ተከሰሰ። ይህ እንግዲህ የጥበቡ ጫፍ ነው፤ ሁለት ሰዎች ተኝተው ሁለት ኮምፒውተሮች አምስት ዘጠኝ ይባባላሉ፤ ጠዋት ባለቤቶቹ ተነሥተው ደስ ይላቸዋል። በስሌት ከሄድን ሜሪላንድና አዲስ አበባም በሷ ይገናኙ ነበር። ጋሼ ያንን ሕልም ይዘው ማታ ማታ ሞክረዋል፤ ከአዲስ አበባ ወገን ያኔ የሚመልስ አላገኙም።

አስቂኙ ነገር አዲስ አበባ ያለው ሰው ከጋሼ የበለጠ ሀብት ከራሱ ላይ ተንጠልጥሎለታል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2018፣ ኤኦ-7 በወጣ በ44ኛ ዓመቱ ዕለት፣ ካታር ኤስሃይል-2 የተባለውን የቴሌቪዥን ሳተላይት አመጠቀች፤ ውስጡም በካታርና በጀርመን አማተሮች ጥያቄ ለነሱ የሚሆን ክፍል አለው። ኪዩኦ-100 ይባላል። የቆመው ከምድር ወገብ በላይ፣ 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ አይወጣም፣ አይጠልቅም፣ ቀን ከሌት አለ። ከብራዚል እስከ ታይላንድ፣ አንታርክቲካ ያለው የጀርመን ጣቢያ ሳይቀር ያየዋል። አፍሪካ እጁ ሥር ናት። አሜሪካ ግን አታየውም፤ ጋሼ ይህን ሲያስቡ ይከፋቸዋል። ለመስማት ከሚያስፈልገው ዋናው ተራ ዲሽና ተራ ኤልኤንቢ ነው፤ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ዝንብ የሚያህል ብዛት ያለው ያው ዕቃ። ይባስ ብሎ የአረብሳቱ ባድር 26 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ለባድር የተተከለ ዲሽ ሁሉ ሳያውቀው ኪዩኦ-100ን አፍጥጦ እያየ ነው። አባወራው ጣሪያ ላይ ወጥቶ «አሁንስ መጣ?» ሲል፣ ከታች ልጆቹ «ትንሽ ወደ ግራ!» ሲሉ፣ የታይላንዱ ሰው ለብራዚሉ ሰው አምስት ዘጠኝ እየሰጠ በዚያው ዲሽ ላይ ያልፋል። ለመናገር እርግጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

እና አማተሮቹ የማይጠልቅ ሳተላይት ሲያገኙ ምን አወሩ? ሩብ ሰዓት ነበር ያጠረባቸው ብለን ነበር። አሁን ሙሉ ቀን አላቸው። ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ስለ ዲሽ ስፋት፣ ስለ ኬብል ርዝመት፣ ስለ ዋት ነው፤ በሬዲዮ ስለ ሬዲዮ። «በጣም ቀለለ፣ ደስታው ጠፋ» የሚሉም አልጠፉም። አዞዎቹም ደርሰዋል፤ ግን ጀርመኖቹ ቀድመው አስበውበታል። ከሳተላይቱ መለያ ምልክት በላይ የሚጮህ ሰው ከመጣ ሌይላ የምትባል ሥርዓት ልክ በሱ ፍሪኩዌንሲ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ትለቅበታለች። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እስኪቀንስ ድረስ። ስሟ በጀርመንኛ የጉልበት ገደብ ጠቋሚ ከማለት የተውጣጣ ነው፤ ለኛ ጆሮ ግን ሌይላ የቤቱን ሥርዓት የምትጠብቅ አክስት ትመስላለች። ለሌላም ብዙ መድረክ ብትላክ አይከፋኝም።

ኢትዮጵያ በዚህ ዓለም ውድ አገር ናት። የጥሪ ምልክቷ በኢቲ ይጀምራል፤ ፈቃድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ የሚሰማት ብርቅ ነው። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የአማተር ክበብ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ተማሪዎቹ ማይክሮፎን ሲይዙ የአውሮፓና የጃፓን ሽማግሌ ሁሉ ይራኮታል። እኛ ወደ ውጭ የሚወስደንን ሰልፍ ነው የለመድነው፤ ውጭ አገር ወደኛ የሚሰለፍበት ቦታ ቢኖር ይህ አንዱ ነው፣ የሚፈልገውም አንድ አምስት ዘጠኝ ብቻ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የመጀመሪያውን ሳተላይታችንን ከቻይና ያወጣው ሮኬት እንኳ በዚያው ጉዞ የብራዚል ተማሪዎች የሠሩትን፣ የአማተር ሬዲዮ ያለበትን ፍሎሪፓሳት-1ን ጭኖ ነበር። እኛ ስናጨበጭብ የጎን ተሳፋሪዋን ልብ ያላት የለም።

ጋሼ አሁን የኢትዮጵያ ካርታ ዘርግተው ነው የሚያመሹት። አዲስ አበባ ኬጄ99 ናት፤ አራት ቁራጮች የሚገናኙበት ነጥብ ደግሞ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ 40 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሸዋ ሮቢት ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ነው። ኬጄ99፣ ኤልጄ09፣ ኬኬ90፣ ኤልኬ00፤ አራቱንም በአንድ ቦታ ቆሞ። ከዚያ ነጥብ የሰጠ ሰው አለ ብለው አያምኑም። አገር ሰላም ሲሆን ፈቃዱን አውጥተው ሊሄዱ ነው። እትዬ ደግሞ ደሴ ዘመድ መጠየቅ ከፈለጉ ዓመታቸው።

«መንገዳችን ላይ ነው እኮ!» አሉ ጋሼ ባለፈው። «ሁለት ሰዓት ብቻ።»

«በዚያ ሙቀት፣ ቧንቧ ይዘህ?»

«አራት ሰፈር በአንዴ እኮ ነው!»

«ገበሬው መጥቶ “አባቴ ምን ጠፋብዎት?” ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

ጋሼ አሰቡበት፤ መልሱ አልመጣላቸውም። እትዬ ቡናውን እየቀዱ ፈረዱ፦ «እኔ ደሴ ሄጄ ዘመዶቼን ጠይቄ፣ በልቼ ጠጥቼ እመጣለሁ። ስመለስ መስመሩ ላይ ካለህ አሳፍርሃለሁ።»